አራተኛ ፎቅ፣ ከመስኮቱ ሥር

ልጆቼ፣ ይህን ሳወራችሁ "ደግሞ ጀመራት" እንዳትሉኝ። ተረት አይደለም። በታናሽ እህቴ ላይ የደረሰ ነው።

ያውም በጠራራ ፀሐይ። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት፣ ሰው ኖሮበት በማያውቅ አዲስ ኮንዶሚኒየም ውስጥ።

እህቴ ልብስ ሰፊ ናት። ባሏ ካረፈ ወዲህ ያንን ሰፊ ግቢ ታቅፋ ለብቻዋ ቀርታለች። ልጇ ደግሞ "እማዬ፣ ሽጪውና እኛ ሰፈር ኮንዶሚኒየም ግዢ" እያለች ነጋ ጠባ ትጨቀጭቃታለች።

"ቤቱን ከሸጥኩማ እሱን ጥዬው ሄድኩ ማለት ነው" አለችኝ አንድ ቀን።

ስትለኝ አላለቀሰችም። ከቀብሩ ወዲህ እንዲያ ናት... ብትቆነጥጧት የማይሰማት።

ደላላው ቁልፉን ሰጣት። "እናቴ፣ ረጋ ብለው ይዩት። ብቻ ሳይመሽ ቁርጡን ይንገሩኝ፣ ሌላ ፈላጊ አለ።"

ብቻዋን ገባች።

ቀለሙ ገና ይሸታል። የመስኮቱ መስታወት ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንኳን አልተላጠም።

"የስፌት መኪናዬ እዚህ ይሆናል" ብላ መስኮቱ ሥር ቆመች።

ወለሉን አየችው...

አዲሱ ሴራሚክ ላይ አራት ጭረት አለ። የመኪናዋ አራት እግሮች በሚያርፉበት ልክ።

"ሠራተኞቹ ዕቃ ጎትተውበት ይሆናል" አለች።

እህቴ አንድ ልማድ አላት። ባሏ ቤት ውስጥ ጫማ የሚባል አይወድም ነበር፣ በባዶ እግሩ ነው የሚንጎራደደው። እሷ ደግሞ ስትሰፋ ስፒል ትጥላለች። እንዳይወጋው ብላ ማግኔት በክር አስራ ወለሉን ታስስ ነበር። እሱ ከሞተም በኋላ አልተወችውም።

ያን ቀንም እጇ ሳታዝዘው ቦርሳዋ ውስጥ ገባ። በባዶ ቤት ማግኔቱን ወለሉ ላይ ጎተተችው።

ጠቅ... ጠቅ...

ብድግ ስታደርገው ስፒል በስፒል ሆኗል።

በሩ ተንኳኳ።

ሕፃን ያዘለች ወጣት ናት፣ ከሥር ያለው ቤት ነዋሪ።

"ይቅርታ እማማ... ደህና ነዎት?"

"ደህና ነኝ። ምነው?"

"ዛሬ መኪናው ዝም ቢልብኝ፣ አመማቸው እንዴ ብዬ ነው።"

"የምን መኪና?"

"የስፌቱ ነዋ። ይሄ ጉደኛ እሱን ካልሰማ አይተኛልኝም" አለች፣ ጀርባዋ ላይ ያለውን ልጅ እሹሩሩ እያለች።

"ልጄ፣ እኔ እዚህ ቤት ስገባ ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው።"

ሴትየዋ እሹሩሩውን አቆመች። በእህቴ ትከሻ ላይ አሻግራ ወደ ውስጥ አየች። ድምጿን ዝቅ አደረገች።

"ታዲያ... ጋሼስ?"

"የቱ ጋሼ?"

"በባዶ እግራቸው የሚሄዱት።"

እህቴ አልጮኸችም። በሩን ቀስ ብላ ዘጋችው።

የመኝታ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። ስትገባ ግጥም ብሎ ተዘግቶ ነበር።

"አለህ?" አለች በሹክሹክታ።

ተንበረከከች። ማግኔቱን እንደገና ያዘችና፣ ከመስኮቱ ሥር እስከ መኝታ ቤቱ ደፍ ድረስ፣ ወለሉን አንድ በአንድ አሰሰችው።

ስልኳ ጮኸ። ልጇ ናት።

"እማዬ፣ እንዴት ነው? ይስማማሻል?"

"ይስማማናል።"

ልጇም እናቷ እሷን ጨምራ የቆጠረቻት መስሏት ደስ አላት።

እህቴም ገዛችው፣ ገባችም።

ልጠይቃት የሄድኩት በገባች በማግስቱ ነው። ሳሎኑ በፀሐይ ተሞልቷል። እሷ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ ትሰፋለች፣ ፊቷ ላይ ደስታም ፍርሃትም የለም። ከእሷ በቀር ቤቱ ውስጥ ሰው አላየሁም።

ጫማዬን ላወልቅ ጎንበስ አልኩ።

"ተይው፣ አታውልቂ" አለችኝ፣ ቀና ሳትል። "ዛሬ አንዷ ስፒል አምልጣኛለች።"

"በምን አወቅሽ?"

በአገጯ ወደ ወለሉ አመለከተችኝ።

ከመኝታ ቤቱ እስከ ወንበሯ ጀርባ ድረስ... የርጥብ እግር ዱካ። ትልቅ፣ የወንድ እግር። የቀኙ ተረከዝ ባረፈበት ሁሉ፣ ነጩ ሴራሚክ ላይ፣ አንዲት ቀይ ነጥብ።

ከወንበሯ ጀርባ የሚመለስ ዱካ አልነበረም።