የስንብት ጠርሙስ

ልብስ ሰፊው በአሮጌው ሕንጻ የጓሮ ደረጃ ሥር ሞቶ ተገኘ። ኮቱ መጠጥ መጠጥ ይሸታል፤ ከጎኑ ባዶ ጠርሙስ ተጋድሟል። ሰፈርተኛው «ክፉ ልማድ ያሰርቃል ከማዕድ» ብሎ ነገሩን ሳይከፈት ዘጋው። መርማሪው ግን እንዲህ በቀላሉ የሚሸኝ ሰው አልነበረም፤ ባልደረቦቹ «ጠርጥር፣ ከገንፎም ውስጥ አለ ስንጥር» ከሚለው ተረት ቆንጥረው «ጠርጥር» ያሉት ያለ ምክንያት አይደለም።

«ጠጥቷል አልጠጣም፣ እሱን ብቻ ይንገሩኝ» አለችው የሟች ሚስት፣ ሥራ ከፈታው የስፌት መኪና አጠገብ ቆማ። «አልጠጣም ብሎ ለልጃችን ምሎላት ነው የወጣው። ከመጠጥ የሚላቀቁ ሰዎች የሚሰበሰቡበትን ቦታ ሊፈልግ። አሁን ልጅቷ ‹አባዬ ዋሸኝ እንዴ?› ትለኛለች። ምን ልበላት?»

«ቦታውን ማን ነገረው?»

«ሰብሳቢዋ ናቸው፣ ጡረታ የወጡት ነርስ። ሰው እንዳያፍር ብለው ጽሑፍ አይለጥፉም። ‹የቆርቆሮ ኩባያ የተንጠለጠለበትን በር ፈልግ› አሉት በስልክ።»

«የሚጠረጥሩት ሰው አለ?»

«ታናሽ ወንድሙ፣ መካኒኩ። የመጠጥ ጓደኛው እሱ ነበር፤ ጠርሙሱም እሱ የሚወደው ዓይነት ነው። ለቅሶ ሊደርስ ሲመጣ ከደጅ መለስኩት።»

መካኒኩ ከመኪና ሥር ወጥቶ እጁን በጨርቅ ይጠርግ ጀመር። ጨርቁ ከእጁ ብሶ ቆሽሿል።

«ያን ምሽት የት ነበርክ?» አለው ጠርጥር።

«መናገር አልችልም።»

«የሞተው እኮ ወንድምህ ነው።»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ቃል አለብኝ።»

ሰብሳቢዋ በበኩላቸው በአሮጌው ሕንጻ ምድር ቤት ረጋ ብለው መለሱ። «ወደ እኛ አልመጣም። ላይ ፎቅ ተደብቆ ሊጠጣ ወጥቶ ይሆናል። በፊት እኛም እዚያ ነበርን፤ ጥገና ሊጀመር ነው ሲሉን ወደ ምድር ቤት ወረድን። ከዚያ በኋላ ነው ግድግዳውን የፋቁት፣ የደረጃውንም መደገፊያ የነቀሉት።»

«ኩባያውስ?»

«የዚያኑ ዕለት አብሮን ወረደ።»

ጠርጥር በሩ ላይ የተንጠለጠለውን ኩባያ አውርዶ ጣቱን ወደ ውስጥ ሰደደ። ከዚያ ክፍሉ ጥግ የቆመውን የተቆለፈ ቁም ሳጥን አስከፈተ። ውስጡ አፋቸው በነጭ የቁስል ፕላስተር የታሸገ ጠርሙሶች ተደርድረዋል።

«የስንብት ጠርሙሶች ናቸው» አሉ ሴትዮዋ። «አዲስ የገባ ሰው የመጨረሻ ጠርሙሱን ያስረክበኛል። ወር ሳይጠጣ ከቆየ በሰው ፊት ራሱ ይደፋዋል።»

ጠርጥር ኩባያውን ይዞ ሄደ። በማግስቱ ሦስቱንም እዚያው ሕንጻ ድረስ ጠራቸው፤ ወንበሮቹ ክብ ሠርተው በቆሙበት ክፍል ተቀመጡ።

«ከሐኪሙ ልጀምር» አለ ወደ ሚስትየው ዞሮ። «በባለቤትዎ ደም ውስጥ ጠብታ አልኮል አልተገኘም። መጠጡ የፈሰሰው ኮቱ ላይ ነው።»

ሚስትየው ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። ጠርጥር ትንሽ ጠበቃት።

«ታዲያ ማን አፈሰሰበት? የጠርሙሱ አንገት ላይ የፕላስተር ሙጫ አለ። ስለዚህ የወጣው ከዚህ ቁም ሳጥን ነው። የማን ጠርሙስ ነበር?» ወደ መካኒኩ ተመለከተ። «ዛሬ ‹ሕንጻው ድረስ ና› አልኩህ እንጂ የትኛው ክፍል አላልኩህም። ኩባያውም እኔ ጋ ነው። የወንድምህ ሚስት በር በበር ስታንኳኳ ቆየች፤ አንተ ግን ቀጥ ብለህ ገባህ። የዚህ ቤት አባል ነህ፤ ጠርሙሱም ያንተ ነው።»

«ነኝ» አለ መካኒኩ። «እዚህ ያየነውን ውጭ ላናወራ ምለናል። ለወንድሜም አልነገርኩትም፤ ብወድቅ እንዳይስቅብኝ ፈርቼ።»

«እሱም ላንተ አልነገረህም። እትዬ፣ ኩባያው ውስጥ የግድግዳ ፍቅፋቂ አቧራ አለ። ጥገናው የተጀመረው እናንተ ከወረዳችሁ በኋላ ከሆነ፣ ኩባያው ላይ ቀርቶ ነበር ማለት ነው። የቆዩት አባላት መንገዱን ስለሚያውቁ ማንም ልብ አላለውም። አዲሱ ሰው ግን ያሉትን አምኖ፣ በጨለማ፣ መደገፊያ በሌለው ደረጃ ወጣ።»

ሴትዮዋ የቁም ሳጥኑን ቁልፍ ከኪሳቸው አውጥተው ጎናቸው ባለው ወንበር ላይ አስቀመጡት።

«ስብሰባው አልቆ ሰው ከሄደ በኋላ ኩባያው ትዝ አለኝ» አሉ በመጨረሻ። «ላወርደው ስሄድ ወድቆ አገኘሁት። የደም ሥሩን ዳሰስኩ፤ አልፏል። በእኔ መርሳት ሰው ሞተ ከተባለ ቤቱ ይዘጋል፣ እነዚህ ሁሉ ወደ መጠጡ ይመለሳሉ ብዬ…»

«የሞተውን ሰካራም አደረጉት።»

«አደረግሁት» አሉና አቀረቀሩ። ጠርጥር ተናደደባቸው፤ አሳዘኑትም።

«ድምፁን ሰምቻለሁ» አለ መካኒኩ ድንገት። «አንድ ነገር ሲወድቅ። የጥገናው ጣውላ ነው ብለን ቀጠልን። የመናገር ተራው የእኔ ነበር። ‹ወንድሜን መጠጥ ያስለመድኩት እኔ ነኝ፤ አንድ ቀን እዚህ አመጣዋለሁ› እያልኩ ነበር።»

ሚስትየው ተነሳች። ሰብሳቢዋን አላየቻቸውም። መካኒኩ ፊት ሄዳ ቆመች።

«ተነስ ወንድሜ፣ ወደ ቤት እንሂድ። ልጅቷ ካንተ አፍ ትስማው።»

«ምን ብዬ ልንገራት?»

«‹አባትሽ አልዋሸሽም› በላት።»

መካኒኩ የቆሸሸ እጁን በሱሪው ይጠርግ ጀመር። እስኪነሳ ድረስ ቆማ ጠበቀችው።