የጎን ሰው ፊርማ

«ወደ ቀኝ! ሁላችሁም ወረቀታችሁን በቀኛችሁ ላለው ሰው አሳልፉ!» አሉ መምህሩ።

ክፍሉ ሁሉ «ንግሥቲቱ» የሚላት ልጅ ክው አለች። ወረቀቷ ላይ እንዲፈርምላት በግራዋ ከተቀመጠው ልጅ ጋር ነበር የተስማማችው። በቀኟ ያለችው «በረኪና» ናት። ቅጽል ስሙን ያወጣችላትም ራሷ ንግሥቲቱ ነበረች፣ የልጅቱ እናት የሆስፒታል አንሶላ አጣቢ መሆናቸውን የሰማች ዕለት።

መምህሩ አዲስ ገቢዎችን ስለ ጽሑፍ ስርቆት የሚያስተምሩበት የራሳቸው መላ አላቸው። ሁሉም የጎኑ ሰው ስለ እናቱ የጻፈውን ወረቀት ያነብና ከግርጌው «የራሱ ሥራ መሆኑን በምን አወቅህ?» የሚለውን ሞልቶ ይፈርማል።

«ያልተፈረመለት በሳምንቱ እንደገና ጽፎ ያመጣል። በሐሰት የፈረመ ካስፈረመው ጋር ተያይዞ ዜሮ! ሌባውማ ዲስፕሊን ኮሚቴ ይጠብቀዋል።»

በረኪና ማንበብ ጀመረች። «የእናቴ ጣቶች አሻራ የላቸውም፤ በረኪናው በልቶታል...»

የራሷ ጽሑፍ ነው። ከሁለት ሳምንት በፊት ከዶርም አልጋዋ ላይ የጠፋው ደብተር! ነጠላ ሰረዙ እንኳ ከቦታው አልተነቃነቀም። የንግሥቲቱ እናት የባንክ ሥራ አስኪያጅ ናቸው፤ ካልሲ አጥበው የሚያውቁም አይመስሉም።

«የኔ ማር፣» አለች ንግሥቲቱ በሹክሹክታ፣ «ፈርሚልኝና እንገላገል በቃ።»

«ዛሬ ማር ሆንኩ?»

«ኧረ አታካብጂ! እናት እንደሆነች የሁሉም እናት ናት።»

«እስኪ ያንቺዋን እናት ጣት አሳዪኝ።»

ንግሥቲቱ መምህሩን ሰረቅ አድርጋ አየች። «እሺ፣ አትፈርሚ። ባዶውን መልሽልኝ። በሳምንቱ ሌላ እጽፋለሁ።»

ሌላ! ከማን አልጋ ላይ አንሥታ? በረኪና እንደ ልማዷ አንገቷን ደፍታ ወረቀቱን ልትመልስ እጇን ዘረጋች። ለአንድ ሴሚስተር ሙሉ በዚያ ቅጽል ስም ሲጠሯት አብራ ስትስቅላቸው ኖራለች። ጨዋነቷ ራሷን አንገሸገሻት። እጇን ሰበሰበች።

«ሁለት ደቂቃ ቀራችሁ!» አሉ መምህሩ።

እስክሪብቶዋን ከፈተች። «በምን አወቅሽ?» ትል ይመስል አፍጥጣ ከምታያት ባዶ መስመር ላይ ጻፈች፦

«እኔ ስለጻፍኩት። ካላመኑ እናቴን ከነጣቶቿ ይዣት እመጣለሁ።»

«ምን ጻፍሽ? አንቺ ልጅ፣ ምን ጻፍሽ?» ንግሥቲቱ እጅጌዋን ጨምድዳ ያዘቻት።

በረኪና የንግሥቲቱን ጣቶች አንድ በአንድ አላቀቀቻቸው። ፈረመች። ከዚያም ወረቀቱን ወደ ግራ አልመለሰችውም፤ ተነሥታ ወደ መምህሩ ጠረጴዛ ሄደች።