ሁለቱ አልማዞችና የአቶ ገበየሁ ፈረስ

እጮኛ ያለው ሰው ስልኩን ደጋግሞ ቢያይ አይፈረድበትም። መሳፍንት ገበየሁ ግን በ2010 ዓ.ም. ጥር መግቢያ ላይ ስልኩን የሚያየው እጮኛው ሜላት ደውላ እንደሆነ ለማወቅ አልነበረም። የሚያየው ድንጋይ ነበር። እንጅባራ ውስጥ የመሬት ልኬት ባለሙያ ነው፤ በድንበር የተጣሉ ገበሬዎች ሁለቱም ወገኖች የሚያምኑት፣ በዓይኑ ያላየውንና በሜትር ያልለካውን መሬት የማይፈርምበት ጠንቃቃ ልጅ። ከሥራ ሲወጣ ግን ኔትወርክ ይሻላል ወደሚባልበት ወደ መናኸሪያው አካባቢ ይሄዳል፤ ሻይ ያዝዛል፤ ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ሁለት ፎቶግራፎችን እያፈራረቀ ሲያይ ያመሻል።

ነገሩ የጀመረው ዳንግላ ነው። ሜላትን ያሳደጓት አክስቷ ወይዘሮ ስሜነሽ ቸር ሴት ናቸው፤ ጨዋታም ያውቃሉ። አምና የራሳቸውን ልጅ ከውጭ አገር የመጣ እጮኛዋ አልማዝ ባለው ቀለበት አጭቷታል። በእነርሱ ቤት ደግሞ አንድ ልማድ አለ። የእጮኝነት ቀለበት ጣት ላይ ከመግባቱ በፊት በትሪ ላይ ሆኖ በሴት ዘመዶች መካከል ይዞራል። እያንዳንዷ አንስታ ታየዋለች፣ ወደ ብርሃን ታዞረዋለች፣ አስተያየትም ትሰጣለች። የዚያን ቀን የተባለው ነገር ደግሞ ሙሽራዋ ልጆች ወልዳ እስክታሳድግ ድረስ አይረሳም። የመሳፍንት ሽማግሌዎች ሄደው እሺታ ባገኙ ቀን፣ ወይዘሮ ስሜነሽ እየሳቁ የሜላት ቀለበት ከእህቷ እንዳያንስ አደራ አሉ። እርሳቸው ተናግረው ረሱት። መሳፍንት ግን እንደ ፍርድ ቤት ውሳኔ ይዞት ተመለሰ።

እንጅባራ ውስጥ አልማዝ የሚሸጥ የለም። ስለዚህ ዕቃ ከውጭ የሚያስመጣ አንድ የኢንተርኔት ሱቅ አገኘ። አዲስ አበባ ያለችው የሱቁ ወኪል ሶስና ትባላለች። ሶስና የሁለት ቀለበቶችን ፎቶ ላከችለት። ወርቃቸው አንድ ዓይነት ነው፤ የድንጋዮቹ መጠን እኩል ነው፤ አቆራረጣቸውም አይለይም። ልዩነታቸው አንድ ብቻ ነው። የአንደኛው አልማዝ ውስጡ ፍጹም ንጹሕ ነው፤ የሌላው ግን በውስጡ አንዲት ደቃቅ ነቁጥ አለችበት። ሶስና ሐቀኛ ሻጭ ነበረች። ነቁጧ በባለሙያ አጉሊ መነጽር ካልሆነ እንደማትታይ፣ እሷ ራሷም በባዶ ዓይን ሁለቱን መለየት እንደማትችል በግልጽ ነገረችው። የዋጋቸው ልዩነት ግን በእንጅባራ ገበያ አንድ ደህና ፈረስ ይገዛል።

መሳፍንት ያጠራቀመው ገንዘብ ነቁጥ ላለበት ቀለበት በቂ ነበር። ይህን ሲሰማ ደስ ሊለው ሲገባ ጨነቀው። ፎቶውን በጣቶቹ ወጥሮ ያተልቀዋል፤ ድንጋዩ ስክሪኑን ሞልቶ ይደበዝዛል፤ ነቁጧ አትታይም። አለመታየቷም እረፍት አልሰጠውም። ወይዘሮ ስሜነሽ ቀለበቱን ወደ መስኮት ሲያዞሩ፣ ከውጭ የመጣው አማቻቸው አጠገባቸው ሆኖ «ይኼ እኮ የታችኛው ደረጃ ነው» ሲል፣ ሴቶቹ እርስ በርስ ሲተያዩ ይታየው ጀመር።

አብሮት የሚሠራው አስማረ አንድ ቀን ስልኩን ተቀብሎ አገላብጦ አየና መለሰለት።

«የትኛው ይሻላል?» አለው መሳፍንት።

«እኔ አንድ ቀለበት ሁለት ጊዜ ፎቶ የተነሣ ነው የመሰለኝ።»

«አንደኛው ነቁጥ አለበት።»

«አንተ አይተኸዋል?»

«አላየሁትም። ግን አለ።»

«እንግዲያው አንተም ካላየኸው፣ እጮኛህም ካላየችው፣ የምትገዛው ለማን ነው?» አለ አስማረ። «ይልቅ ሜላትን ጠይቃት። ጣቱ የእሷ ነው።»

መሳፍንት ሴት ልጅ ስለ ቀለበቷ አትጠየቅም፣ ደስታው ይበላሻል ብሎ ተከራከረ። እውነቱን ለመናገር ግን የፈራው መልሷን ነበር፤ ርካሹ ይበቃል ብትለው፣ ውዱን የሚገዛበት ሰበብ ያጣል። በማግስቱ ሶስና መልእክት ላከች፤ ንጹሑን አልማዝ ሌላ ደንበኛ ስለፈለገው ከእሑድ በላይ ልታቆይለት እንደማትችል ነገረችው። መሳፍንት ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ማሰቡን ተወ። ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ፈቃድ ጠይቆ በባጃጅ እስከ መገንጠያው፣ ከዚያ በእግሩ፣ ዘንገና ወዳለው ወደ አባቱ ቤት ሄደ።

አባቱ አቶ ገበየሁ ገበሬ ናቸው። አገውኛውንም አማርኛውንም በቁጥብነት ይናገራሉ፤ የሚያወሩት ይልቁንም ከፈረሳቸው ጋር ነው። ዳማ ፈረስ ነበራቸው፤ ከውርንጭላነቱ ጀምሮ በእጃቸው ያሳደጉት፣ ሌላ ሰው ሲቀርበው ጆሮውን ወደ ኋላ የሚጥል። በአገው ምድር ፈረስ የእርሻ ዕቃ አይደለም። ለቅሶ የሚደረሰው በእርሱ ነው፤ ሙሽራ የሚታጀበው በእርሱ ነው፤ ጥር ላይ ፈረሰኞች ሲሰበሰቡ ሰው ከእኩዮቹ ጎን የሚሰለፈው በእርሱ ነው። አቶ ገበየሁ ለልጃቸው ቀለበት ቀን ዳማውን ከዋዜማው ዳንግላ አስገብተው፣ ከከተማው ጫፍ እስከ ሙሽራዋ ደጃፍ በፈረስ ሊደርሱ ለአማቾቻቸው ቃል ሰጥተው ነበር።

መሳፍንት አልጠየቃቸውም። እንዲህ ያለ ነገር ልጅ አባቱን አይጠይቅም፤ ገበታ ላይ ቁራሹን ይዞ ዝም ይላል፣ አባትየው ምን ሆንክ ይላሉ፣ ትንሽ ጎደለኝ ይባላል፣ የቀረውን አባት ይጨርሱታል። እንዳሰበውም ሆነ።

«ሁለት ድንጋዮች ናቸው፣ አባባ» አለ። «አንደኛው ንጹሕ ነው። ሌላው ውስጡ ነቁጥ አለበት።»

«ነቁጡ ይታያል?»

«በመነጽር ሲያዩት ይታያል።»

ያለ መነጽር ማንም ሊያየው እንደማይችል አልነገራቸውም። ሻጯ እንኳ ያልደበቀችውን እርሱ ደበቀ። አቶ ገበየሁ በዕድሜያቸው ነውር ያለበትን ከብት ለማንም በስጦታ ሰጥተው አያውቁም፤ ነቁጥ ሲባሉም የታያቸው አንካሳ ወይፈንና አንድ ዓይኑ የጠፋ በግ ነበር። እሳቱን ቆስቆስ አደረጉ።

«የሰው ልጅ ልንወስድ ነው» አሉ። «ነውር ያለበት ነገር ይዘን ደጃቸው አንቆምም። ዳማውን ቅዳሜ ገበያ አወርደዋለሁ።»

እዚህ ላይ መሳፍንት ተዉት ማለት ነበረበት።  ነገር ግን እሑድ ቀርቧል፣ ሌላው ደንበኛ እየጠበቀ ነው፣ የሴቶቹ ዓይን ታየው። ዝም አለ። ስንት ቤት የሚፈርሰው በእንዲህ ያለ ዝምታ ነው። ክፉ ሥራ ለመሥራት ክፉ ሰው መሆን አያስፈልግም፤ ተዉት ማለት ሲገባ አፍን መያዝ ይበቃል።

ፈረሱ ቅዳሜ ተሸጠ። ገዢው የዳንግላ ሰው ነበር፤ ለምን እንደሚፈልገው ሲጠየቅ ለግልቢያ ነው አለ። አቶ ገበየሁ ኮርቻውን በትከሻቸው ተሸክመው ወደ ዘንገና በእግራቸው ተመለሱ። በዚያ ዓመት ጥር ላይ ፈረሰኞቹ በወጡበት ቀን እኩዮቻቸው ባጌጡ ፈረሶች ሲያልፉ፣ እርሳቸው ነጠላቸውን አጣፍተው ከተመልካቹ ጋር ቆሙ። የጠየቃቸውን ሁሉ ልጄን ልድር ነው ብለው መለሱ። መሳፍንት በዓሉን አላየም። ሥራ በዝቶብኛል ብሎ ቢሮ ዋለ።

ቀለበቱ ከሥርዓቱ ቀደም ብሎ ደረሰው። ሳጥኗን ከፈታት። በስልኩ ላይ የእንቁላል ያህል ትታየው የነበረችው ድንጋይ የምስር ፍሬ ታክላለች። ወደ ፀሐይ አዙሮ አያት፤ ታምራለች። ንጹሕ መሆኗን ግን የሚያውቀው ተጽፎ ስለመጣለት ብቻ ነው።

ከዐቢይ ጾም መግቢያ በፊት ባለው እሑድ፣ መሳፍንትና አባቱ ከጥቂት ዘመዶች ጋር በሚኒባስ ዳንግላ ገቡ። ከመኪናው ወርደው ወደ ወይዘሮ ስሜነሽ ቤት በሚወስደው መንገድ ትንሽ እንደተራመዱ፣ የሲሚንቶ ከረጢት የጫነ ጋሪ ከፊታቸው መጣ። ጋሪውን የሚጎትተው ፈረስ ድንገት ቆመ። ባለጋሪው ልጓሙን ጎተተ፣ ጮኸበት፣ በአለንጋ መታው። ፈረሱ አልንቀሳቀስ አለ፤ ጆሮዎቹን አቁሞ ወደ እነርሱ ያያል።

መሳፍንት ያን ጊዜ አወቀው። ዳማው ነው። አቶ ገበየሁ ከሰዎቹ ተለይተው ሄዱ። አንገቱን ዳሰሱት፤ እጃቸውን ጋሪው በሚጎተትበት ማነቂያ ሥር አስገብተው ደረቱን ነኩት፤ በአገውኛ ዝቅ ባለ ድምፅ የሆነ ነገር ነገሩት። ከዚያ ለባለጋሪው መንገድ ለቀቁለትና ፈረሱ ሄደ። ሲመለሱ ፊታቸው ላይ ምንም አይነበብም ነበር። «ሰዎቹን አናስጠብቃቸው» ብቻ አሉ።

የወይዘሮ ስሜነሽ ደጃፍ በሰው ተሞልቷል። ልጆች ከበሩ ፊት ለፊት የፈረስ ማሰሪያ ተክለው ይጠብቁ ነበር። ወይዘሮ ስሜነሽ እንግዶቻቸውን ተቀብለው ከሳሙ በኋላ መንገዱን ወዲያና ወዲህ አዩ።

«አቶ ገበየሁ፣ በፈረስዎ ይመጣሉ ብለን ስንጠብቅዎት። ደህና አይደለም እንዴ?»

«ትንሽ አሞት ነው» አሉ አቶ ገበየሁ።

መሳፍንት አባቱ ሲዋሹ ሰምቶ አያውቅም። ለእርሱ ሲሉ ሲዋሹ መስማት ከአለንጋው ድምፅ ይልቅ አመመው። ከዚያ በኋላ የጠጣው ጠላ አልጣፈጠው። በመጨረሻ ቀለበቱ በትሪ ላይ ተቀምጦ መዞር ሲጀምር ዓይኑን ከትሪው አልነቀለም። አንዷ አነሣችው፣ «ያምራል» ብላ አሳለፈች። ሌላዋ ጣቷ ላይ ለካችውና ለጎረቤቷ ሰጠች። ወይዘሮ ስሜነሽ ዘንድ ደረሰ። ተቀብለው አዩት፤ «ይባረክ» አሉና ወደሚቀጥለው አሻገሩት። ከውጭ የመጣው አማች ቀና ብሎም አላየ። የሴቶቹ ወሬ ወዲያው ወደ ፈረሱ ተመለሰ፤ ምን ነክቶት ይሆን፣ ሐኪም አይቶታል ወይ፣ አምና ሲጋልብ እንዴት ያምር ነበር።

ሜላት ቀለበቱ ጣቷ ላይ ከገባላት በኋላ ሰው ማዕድ ሲቀርብ መሳፍንትን በዓይኗ ጠርታ ወደ ጓሮ ወጣች። እነርሱ ሲመጡ በመስኮት መንገዱን ስታይ ነበር፤ ከጋሪው ፊት የሆነውንም አይታለች።

«ያ ጋሪ የሚጎትተው የአባትህ ፈረስ ነው፣ አይደል?»

መካድ አልቻለም። ከአክስቷ ቃል ጀምሮ እስከ እሳት ዳሩ ዝምታ ድረስ ያለውን ሁሉ ነገራት። 

«አልማዝ አምጣልኝ ብዬህ ነበር?»

«እትዬ ስሜነሽ ከእህትሽ እንዳያንስ ስላሉ...»

«የምታገባው እኔን ነው። እኔን ጠይቀኸኛል?» አለች። «ድንጋዮቹን አሳየኝ።»

ስልኩን አውጥቶ ሁለቱን ፎቶዎች ጎን ለጎን ከፈተላት። ሜላት አየች፤ ጣቷ ላይ ያለውንም አስጠግታ አየች። ቁጣዋ ወደ ሐዘን ተለወጠ።

«ፈረሱ የተሸጠው ለየትኛው ነው?»

መሳፍንት ስልኩን ተቀበላት። ጣቱ ወደ ቀኙ ፎቶ ሄደ፣ ተመለሰ፣ ወደ ግራው ሄደ። እንደ ልማዱ አተለቀው፤ ደበዘዘበት። ስንት ቀን ሻይ እያቀዘቀዘ ያፈጠጠበትን ድንጋይ፣ አባቱን እግረኛ ያደረገበትን ድንጋይ ከሌላው ለይቶ ማሳየት አልቻለም። ስልኩን ዘጋውና እዚያው ጓሮው ውስጥ አለቀሰ።

ቀለበቱን መመለስም አይቻልም። ሱቁ የሸጠውን አይቀበልም፤ የእንጅባራም የዳንግላም ወርቅ ሠሪዎች ወርቁን እንጂ ድንጋዩን አይመዝኑም። ሜላት ግን ለሠርጉ ቀን ሊከራዩ ያሰቧቸው መኪኖች እንዲቀሩና ገንዘቡ ለፈረሱ እንዲውል ወዲያው ወሰነች። መሳፍንት ወደ ቤት ገብቶ በእንግዶቹ ፊት ቆመ።

«ፈረሱ አላመመውም» አለ። «አባቴ የዋሹት እኔን ለመሸፈን ነው። ቀለበቱ ከእህቷ እንዳያንስ ብዬ፣ ማንም ሊያየው በማይችለው ነቁጥ አታልያቸው ፈረሱን አስሸጥኳቸው። አሁን ከተማችሁ ውስጥ ሲሚንቶ ይጎትታል።»

 ወይዘሮ ስሜነሽ የያዙትን ሳህን አስቀመጡ። ለጨዋታ ያሏት አንዲት ቃል የት እንደደረሰች የገባቸው ያን ጊዜ ነው፤ ደነገጡ። ትሪውን ከጠረጴዛው ላይ አንሥተው ለሜላት ሰጧት።

«አስቀምጪው፣ ልጄ» አሉ። «ከእንግዲህ በዚህ ቤት ቀለበት የምታየው ጣቷ ላይ የሚገባላት ብቻ ናት።»

መሳፍንት አባቱ እግር ላይ ሊወድቅ ጎንበስ ሲል አቶ ገበየሁ ክንዱን ይዘው አቆሙት። ስለ ይቅርታው፣ ስለ መኪኖቹ ገንዘብ፣ ስለ ገዢው ሊያስረዳቸው ጀመረ። አላስጨረሱትም።

«ይኼን ኋላ እናወራዋለን» አሉ። «መጀመሪያ ባለጋሪውን ፈልገው። የዳማውን ደረት ስነካው ተልጦ ነበር።»

መሳፍንት የተሰበሰበውን ሰው ሁሉ ትቶ በሩጫ ወጣ።