የገጽ አርባ ማስታወሻ

አባቴ የመጽሐፍ ቅዱስ መምህር ነው። ስለ ስድስቱ የፍጥረት ቀናት መጽሐፍ ለመጻፍ ዐሥራ አንድ ዓመት ፈጀበት። «እግዚአብሔር በስድስት ቀን የጨረሰውን!» እያለች እናቴ ትቀልድበታለች።

ረቂቁን የተየብኩት እኔ ነኝ፤ ማተሚያ ቤት ውስጥ ሥራዬ ይኸው ነው። አንድ ቀን አንድ የአለት አጥኚ የካርታ ሕትመት ሊያሳርም መጣ። ጠረጴዛዬ ላይ ያለውን ረቂቅ ቆሞ አነበበና፣

«ይህን ሰው ባገኘው ደስ ይለኛል» አለ።

«አባቴ ነው፤ እሱ ዘንድ የሚገባ መጀመሪያ እኔን ማግባት አለበት» አልኩት ለቀልድ።

አልሳቀም። ትኩር ብሎ አየኝ፤ እኔም መሳቄን ተውኩት።

ረቂቁን ከእኔ ተውሶ በገጹ ጠርዝ፣ ኅዳጉ ላይ በእርሳስ ማስታወሻ እየጻፈ መለሰልኝ። አባቴም የረሳውን ኅዳግ ላይ በእርሳስ መጨመር ልማዱ ነው። ስምንት ወር ሙሉ ልቤ እሱ ዘንድ እንጂ ሥራዬ ላይ አልነበረም። የአባቴ ዓይን ስለደከመ እርማቱንም ያየሁት እኔው ነኝ።

መጽሐፉ በታተመ ሳምንት አለት አጥኚው ለትዳር ሊጠይቀኝ ቤታችን መጣ። ያለ አባቴ እሺታ እንደማላገባ ያውቃል።

አባቴ መጽሐፉን ጭኑ ላይ ዘርግቶ ጠበቀው። «አለት ታጠናለህ አሉኝ። ምድር ስንት ዓመቷ ነው?»

«አራት ቢሊዮን ተኩል ገደማ፣ መምህር።»

«እኔ ደግሞ በስድስት ቀን ተፈጠረች ብዬ ጽፌአለሁ።»

«ሊቃውንቱም እኮ አልተስማሙም። ቀኑ ሃያ አራት ሰዓት ነው ያሉ አሉ፤ ረጅም ዘመን ነው ያሉም አሉ። የለም፣ ስድስቱ ቀን የትረካው ሥርዓት ነው፤ በመጀመሪያዎቹ ሦስቱ ቤቱ ተሠራ፣ በቀሩት ሦስቱ ነዋሪው ገባ የሚሉም አሉ።»

«አንተስ?»

እናቴ የቡናውን ትሪ እንደያዘች ቆመች። ይዋሽልኝ ብዬ የተመኘሁት በሕይወቴ ያን ቀን ብቻ ነው።

«እኔ ከመጨረሻዎቹ ነኝ» አለ ቀስ ብሎ። «እሷን ላጣ እችላለሁ። ግን ዋሽቼ ቤትዎ አልገባም።»

አባቴ መነጽሩን አድርጎ ገጽ አርባን ገለጠ። «‹ፀሐይ የተፈጠረችው በአራተኛው ቀን ከሆነ፣ ሦስቱ ቀናት በምን ተለኩ? ጸሐፊው ሊነግረን የፈለገው ሰዓቱን ሳይሆን ፈጣሪውን ይሆናል።› ይህን እኔ አልጻፍኩም። ማነው?»

ማስታወሻውን አወቅኩት።

«እኔ ነኝ» አልን ሁለታችንም።

«ጽሑፉ የእኔ ነው» አለ እሱ፣ ፊቱ አመድ መስሎ። «ግን ኅዳግ ላይ ነበር።»

«ያንተ መስሎኝ የተየብኩት እኔ ነኝ፣ አባዬ።»

አባቴ መነጽሩን አወለቀ።

«ትናንት የድሮ ተማሪዬ ደውሎ ነበር» አለ። «ከመጽሐፉ ሁሉ ያመሰገነኝ በዚህች ገጽ ነው። ዐሥራ አንድ ዓመት ለፍቼ፣ ባልጻፍኩት ተመሰገንኩ። እኔም ሦስት ጊዜ አነበብኳት። መልስ አጣሁላት።»

ከደረት ኪሱ እርሳሱን አውጥቶ ሰጠው።

«ተቀመጥ። ለሁለተኛው እትም ከገጽ አንድ ጀምረን እናርማለን፤ የማልስማማበትን እከራከርሃለሁ። ሠርጉ እርማቱ ሲያልቅ ይሆናል።»

እናቴ ትሪውን አስቀመጠች።

«ምነው» አለች፣ «ልጄን ዐሥራ አንድ ዓመት ልታስጠብቃት ነው?»