የታቶዎቹ አምባ

አብነት የሜትሩን ጫፍ ለጋሽ ገብረሚካኤል አቀብሎ ወደ ቦዩ ወረደ።

ሜትሩ ሰበብ ነበር። የቦንጋ ሰው አብነትን የሚያውቀው የጥንት ቅርስ የሚለካ ባለሙያ ብሎ ነው። በስለላ መሥሪያ ቤቱ ግን ስሙ «ጥርኝ» ነበር። ከዚህ ኮረብታ ቅርስ ቆፍረው ድንበር የሚያሻግሩትን ሲያድን ሦስት ወሩ። ዛሬ ገዢ መስሎ እጅ ከፍንጅ ሊይዛቸው ነው።

«በቀኝ በኩል ውረድ!» አሉ የአምባው ዘበኛ ጋሽ ገብረሚካኤል። «ታቶዎቹ በሩን ያጠበቡት ጠላት አንድ በአንድ እንዲገባ ነው።»

የካፋ ነገሥታት፣ ታቶዎቹ፣ ከዚህ ሲገዙ ሦስት ዙር ጥልቅ ቦይ አምባውን ከቦት ነበር። ከቦዩ በላይ የግንድ አጥር፣ መካከል ላይ በወፋፍራም ምሰሶዎች የቆመ ክብ አዳራሽ። ዛሬ የቀሩት ቦዮቹ፣ ጠባቧ በርና የምሰሶዎቹ ጉድጓዶች ናቸው። ሽማግሌው እያንዳንዱን ጉድጓድ እንደ ልጃቸው ያውቁታል። የአብነትን ማንነትም በቦንጋ የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ።

ቅርሱን የሚሸጠው ነጋዴ ተድላ በሩ ሥር ቆሟል።

«ቡናው የየት ነው?» አለ ተድላ።

«የማንኪራ። አልታጠበም።»

ምልክቱ ገጠመ። ተድላ ጆንያውን ፈታ። የታቶው የወርቅ አምባር ጭቃ እንደለበሰ ወጣ። አብነት አምባሩን ተቀብሎ በኪሱ ያለውን ቴፕ ከፍቶ መቅዳት ጀመረ፤ ከዚያ «ያዙ» የሚለውን ምልክት በሬዲዮ ለአለቃው ሰደደ።

ዝም።

ደገመው።

ዝም።

«አትልፋ» አለ ከቦዩ አፋፍ የታወቀ ድምፅ። አለቃው ሣህሌ ነው፤ ለሥራው የመለመለው፣ ያሠለጠነው ሰው። ሽጉጥ ይዟል። «አምባሩን ለተድላ መልስ። ሌቦቹ አንተና ዘበኛው ናችሁ። ሪፖርቱ ተጽፏል።»

አብነት ወደ አፋፉ ዞረ።

«አሥራ አንድ ዓመት ‹እርስዎ› ስልህ ኖርኩ! አንተ ውሻ!»

ሣህሌ አነጣጠረ። ጋሽ ገብረሚካኤል ከጀርባው ዘለው ተጠመጠሙበት።

ተኩስ።

ሁለቱም ተያይዘው ቦዩ ውስጥ ወደቁ። ሣህሌ እግሩ ተሰብሮ ጮኸ። ሽማግሌው አልተነሡም። ተድላ ሊያመልጥ ጠባቧ በር ውስጥ ሲገባ አብነት አንገቱን ይዞ ከግድግዳው ጋር አላተመው።

ተኩሱን ሰምቶ ፖሊስ ደረሰ። ቴፑ የቀረውን ተናገረ።

በማግስቱ ከአዲስ አበባ ተደወለ።

«ግሩም ሥራ ነው። የሣህሌ ጉዳይ ግን በዝግ ያልቃል፤ መሥሪያ ቤቱ አይዋረድም። ሌቦቹ በእሱ ሪፖርት እንደተጻፈው ባለሙያውና ዘበኛው ይሆናሉ።»

«ሽማግሌው በሌባ ስም አይቀበሩም!» ጮኸ አብነት። «ያን ካደረጋችሁ ቴፑን ለጋዜጣ እሰጣለሁ። ሌባ ካስፈለጋችሁ እኔን በሉኝ።»



«ይሁን። ባለሙያው ሰርቆ ጠፋ ይባላል። ቦንጋን ዳግም አትረግጥም።»

የጅማ አውቶቡስ ለቀብር ሰልፍ ቆመ። አብነት ባርኔጣውን ዝቅ አድርጎ በመስኮት አየ። የሽማግሌው ሚስት እትዬ ዓባይነሽ ደረታቸውን እየደቁ ከአስከሬኑ ኋላ ይከተላሉ።

«ልጄ ብለህ ያበላኸው ሌባ አስበላህ! ወይኔ ገብሬ!»

«ያን ባለሙያ ነኝ ባይ ባገኘው» አለ አጠገቡ የተቀመጠው ገበሬ፣ «በጥርሴ ነበር የምቦጫጭቀው።»

«እውነትዎን ነው» አለ አብነት።

ጅማ ሲደርስ የሆቴሉ ጸሐፊ መዝገቡን ገፋችለት። አዲሱን ስሙን ጻፈ። ብዕሩን አጥብቆ ከመያዙ የተነሣ ወረቀቱ ተቀደደ።