ጓዳ የቀሩት ሁለቱ

ቀጮ ግቢው መሀል ቆማ ልጆቹን እንደገና ቆጠረች። ስድስት ናቸው። ጣቷን እየቀሰረች ከሌላው ጫፍ ጀመረች፤ ያው ስድስት። ከኋላዋ በቤቱ በር ጥቁር ጭስ እየተንቦለቦለ ይወጣል። እናቷ አፍና አፍንጫዋን በእርጥብ ጨርቅ ሸፍና ወጥ ቤት ውስጥ ከምድጃው ጋር ትታገላለች። ከልጆቹ ግማሾቹ ያለቅሳሉ፤ የቀሩት ደግሞ የሚያለቅሱትን እያዩ ለማልቀስ ይዘጋጃሉ።

ጠዋት ወደ እናቷ የሕፃናት ማቆያ የመጡት ግን ስምንት ነበሩ።

«እሜቴ! ድንቡሼ!»

መልስ የለም። ሁለቱ እህትና ወንድም ናቸው። እሜቴ ገና አምስት ዓመት ሳይሞላት እንደ ትልቅ ሴትዮ ሁሉን ካላዘዝኩ ስለምትል ነው ይህ ስም የወጣላት። ድንቡሼ ታናሽ ወንድሟ ነው፤ ጉንጩን ያየ ሰው ሳይቆነጥጠው አያልፍም።

«ከዚህ ንቅንቅ እንዳትሉ» ብላ ስድስቱን አጥሩ ጥግ አስቀመጠቻቸውና ወደ ጭሱ ተመልሳ ገባች።

መጫወቻ ክፍሉ ውስጥ የሉም። መጸዳጃ ቤቱም ባዶ ነው። ጭሱ ዓይኗን ይለበልባታል። ግድግዳውን እየዳበሰች ብትጣራ፣ ብትጣራ የሚመልስላት ጠፋ። አለቀላቸው ስትል ጓዳው ትዝ አላት። በሩ ገርበብ ብሏል። ውስጥ ማንም አይታይም። ልትወጣ ስትዞር ግን ከእናቷ አልጋ ሥር የታፈነ ሳል ሰማች።

ተንበርክካ አየች። እሜቴ በአንድ እጇ የወንድሟን አፍ፣ በሌላው የራሷን አፍ ግጥም አድርጋ ይዛለች። የሁለቱም እንባ በጉንጫቸው ይወርዳል።

«ስጠራሽ አልሰማሽም እንዴ?»

«ሰምቻለሁ» አለች እሜቴ በሹክሹክታ። «አይጥ ግን አትናገርም።»

ቀጮ ድንቡሼን በብብቷ አቅፋ፣ እሜቴን በእጇ እየጎተተች ወጣች። አጥሩ ጋ ስትደርስ መሬት ላይ ዘፍ አለች። ያን ያህል የተቃጠለ ነገር አልነበረም። ምድጃው ላይ የተረሳ የዕቃ ማድረቂያ ጨርቅ ነው ያን ሁሉ ጭስ ያመጣው። እናቷ አጥፍታው ስትወጣ ፊቷ በጥላሸት ጠቁሮ ከዓይኗ በቀር ምኗም አይታይም ነበር። እሷም የመጀመሪያ ሥራዋ ልጆቹን መቁጠር ሆነ።

የአይጥ ጨዋታ የእናቷ ፈጠራ ነው። ቤታቸው የሕፃናት ማቆያ ሲሆን ፈቃዱ ስድስት ልጅ ብቻ ይላል። ፈቃዱን ከሰጠው መሥሪያ ቤት ተቆጣጣሪ መጥቶ በሩን ሲያንኳኳ እናቷ እሜቴንና ድንቡሼን ወደ ጓዳ ታስገባቸዋለች። «አሁን አይጥ ናችሁ። ማንም ቢጠራ፣ ማንም ቢጮህ አይጥ ድምፅ አታሰማም» ትላቸዋለች። ሲጨርሱ ከረሜላ አለ። ትልልቅ ሰዎች እንኳ እንደነሱ ዝም ማለት አይችሉበትም። ዛሬ ቤቱ በጩኸት ሲናወጥ፣ ግርግር ሲመጣ የሚያደርጉትን አደረጉ፤ ያስተማሯቸው ይህንኑ ነው።

ወላጆቹ ልጆቻቸውን ወስደው ከሄዱ በኋላ እናትና ልጅ የወጥ ቤቱን ግድግዳ ይፈትጉ ጀመር። በማግስቱ ከእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ባለሙያ መጥቶ ቤቱን ሊያይ ነው። ቀጠሮው ከተያዘ ቆይቷል፤ እሳቱ ነው አጉል ቀን የመረጠው።

እናቷ እየፈተገች ዕቅዷን ትናገራለች። የኋላውን በር የዘጋው የልጆች አልጋ ይነሳል። ቁልፉ ልጅ በማይደርስበት፣ አዋቂ ግን በማያጣው ቦታ በሩ አጠገብ ይሰቀላል። ረጅም ገመድ ተቋጥሮ እያንዳንዱ ልጅ አንድ አንድ ቋጠሮ ይይዛል። ፊሽካ ሲነፋ ሁሉም ወጥቶ በጓዳው መስኮት በኩል ካለው ዛፍ ሥር ይሰበሰባል። ጥሩ ዕቅድ ነበር። እናቷ ልብ ካለች ለሥራ የሚያህላት የለም።

«እነ እሜቴስ?» አለች ቀጮ።

«እነሱ ጓዳ ይሆናሉ። አንቺም አብረሻቸው ሁኚ፤ ድንቡሼ ከፈራ ካንቺ በቀር የሚያባብለው የለም።»

«እማ፣ ዛሬ እኮ ሊሞቱ ነበር።»

እናቷ መፈተጉን አቆመች። «እኔ ያላየሁት አስመስለሽ አትንገሪኝ። ሞቼ ነው የዋልኩት።»

«ታዲያ ለሰውዬው ለምን እውነቱን አንነግረውም?»

«ምን ብዬ? ፈቃዱን ቢቀማኝ ስምንቱም የት ይገባሉ? እኛስ? ሁለቱን አስወጪ ቢለኝ ደግሞ እናታቸው ሆስፒታል ስታጸዳ የምትውል ብቸኛ ሴት ናት። ወደኔ ከማምጣቷ በፊት በር ቆልፋባቸው ነበር የምትሄደው።» ድምፅዋ ለሰለሰ። «የነገን ብቻ እንለፍ፣ የኔ ልጅ። ከዚያ መላ እንፈልጋለን።»

የነገን ብቻ የሚለውን ቀጮ ስንቴ እንደሰማችው እሷ ናት የምታውቀው። ሙግቱ ግን አለቀባት። ያቺ በር የሚቆለፍባት ቤት ዓይኗ ላይ መጣች፤ እዚያም ጭስ ሊገባ ይችላል። «እሺ» አለች። እሺታዋ ከአንገት በላይ ነበር።

በማግስቱ የመጣው ባለሙያ ድምፀ ጎርናና፣ ጫማው ድንቡሼን ሊያስገባ የሚችል ግዙፍ ሰው ነው። ቀጮ ጓዳ ውስጥ በሩን ዘግታ ከሁለቱ ልጆች ጋር ወለሉ ላይ ተቀምጣ ሳሎኑን በጆሮዋ ትከታተላለች። ሰውዬው ልጆቹን ሲያስቅ፣ እናቷም እየተከተለች ስትስቅ ትሰማለች። ያ ሳቅ የእናቷ አይመስልም ነበር።

ከዚያ ፊሽካው ተነፋ።

ኮሪደሩ በትንንሽ እግሮች ኮቴ ተሞላ። ቀጮ ዞር ስትል እሜቴ የለችም፤ ድንቡሼም የለም። ማንም ሳያዛቸው አልጋው ሥር ገብተዋል። እሜቴ የወንድሟን አፍ ይዛ፣ ቀጮን ጎበዝ በይኝ በሚል ዓይን ታያታለች። ቀጮ መስኮቱን አየች፤ ጥቅጥቅ ያለ የብረት ፍርግርግ አለበት። በሩን አየች። ጭሱ ትናንት የገባው በዚያ ነው። ዛሬ ምንም ጭስ የለም፣ እሷ ግን ትንፋሽ አጠራት።

ልጆቹ ዛፉ ሥር ሲደርሱ የሰውዬው ድምፅ በመስኮቱ ጥርት ብሎ ገባ።

«ጎበዞች ናችሁ እናንተ። ገመዷም ጥሩ ዘዴ ናት፣ እናት፤ ለሌሎችም እነግራለሁ። አሁን አንድ ጥያቄ ልጠይቅዎት። እሳት ተነስቶ ብንደርስ መጀመሪያ የምንጠይቀው ይህንኑ ነው። ውስጥ የቀረ ሰው አለ?»

ቀጮ በጉልበቷ ቆማ የእናቷን መልስ ጠበቀች።

«የለም» አለች እናቷ።

«እርግጠኛ ነዎት?»

«ማንም የለም።»

«ጥሩ። እንዲህ ቁርጡን ሲነግሩን እኛም የምናደርገውን እናውቃለን። የለም ካሉኝ ሰዎቼን ጭስ ውስጥ አላስገባም።»

ቀጮ አልጋው ሥር ያሉትን አየች። ሁለቱም በሕይወት አሉ፤ ይተነፍሳሉ። የድንቡሼ አንድ ካልሲ ወልቋል። እናቱ ጠዋት ስታመጣው እየሮጠች ስለነበር ስማው እንኳ ሳትጨርስ ነው የሄደችው። በዚህ በር ልጆቹን ይዛ ስትወጣ የእናቷ ፊት ምን እንደሚሆን፣ ፈቃዱ ምን እንደሚሆን፣ ነገ እነዚህ ልጆች የት እንደሚውሉ ቀጮ አታውቅም። ሁሉም ያስፈራታል። ከሁሉም ግን ያ «የለም» የሚለው ቃል ባሰባት።

አጎንብሳ እጇን ዘረጋችላቸው።

እሜቴ ራሷን ነቀነቀች። «ሰውዬው አልሄደም እኮ» አለች በሹክሹክታ።

«አውቃለሁ» አለች ቀጮ። ሹክሹክታ አልነበረም፤ የዘወትር ድምፅዋ ነው። እሜቴ ደንግጣ ከአልጋው ሥር ብቅ አለችና በትንሽ መዳፏ የቀጮን አፍ ከደነችው። ቀጮ የልጅቷን እጅ ቀስ አድርጋ አወረደችው፤ ግን አልለቀቀችውም።

«ስሙኝ። ከዛሬ ጀምሮ ስጠራችሁ ጮክ ብላችሁ አቤት ትሉኛላችሁ። እሜቴ።»

ልጅቷ በሩን አየች፣ መስኮቱን አየች። «አቤት» አለች፤ የትንፋሽ ያህል።

«አልሰማሁም።»

«አቤት።»

ውጭ የነበረው ወሬ ቀጥ አለ። ቀጮ የበሩን እጀታ ያዘች።

«ድንቡሼ።»

«አቤት!» አለ ድንቡሼ፣ ግቢው ሁሉ እስኪሰማው። ቀጮም በሩን ከፈተችው።