ጣራው የዘገየበት ምክንያት

በሩን ያንኳኳሁት እኔ ነኝ፤ ስትከፍትልኝ ግን ለምን እንደመጣሁ ጠፋኝ።

ትከሻዬ ላይ መሰላል፣ በእጄ ባልዲ ይዣለሁ። እሷ የልብስ ሰፊ ሜትር አንገቷ ላይ ጣል አድርጋለች፤ በከንፈሮቿ መሃል ሦስት መርፌ ይዛለች። መርፌዎቹን አንድ በአንድ አውጥታ እጅጌዋ ላይ ሰካችና ጠበቀችኝ።

«አቤት?»

«ጣራ ነኝ» አልኳት።

«ጣራ ነህ?»

«ማለቴ... ለጣራው ነው የመጣሁት።»

ወደ ውስጥ ዞራ «እማዬ፣ ጣራው መጥቷል» አለች። ደንግጬ ወደ ኋላ ስል መሰላሉ የበሩን መብራት መታው፤ አምፖሉ እግሬ ሥር ተከሰከሰ። ለብቻዬ የተሰጠኝ የመጀመሪያ ሥራ እንዲህ ተጀመረ።

አሠሪዬን ሰው ሁሉ «ውሃ ልክ» ይለዋል። ግድግዳም ሰውም ሲዛነፍ የሚያመው ሰው ነው። ከስድስተኛ ክፍል ትምህርቴን ሳቋርጥ ሙያ ያስተማረኝ እሱ ነው። በዚያ ሰሞን ሌላ ከተማ ትልቅ ሕንፃ ስለያዘ ይህን ቤት ለእኔ ተወልኝ። ሲሄድ እንዲህ አለኝ፤

«ዝናቡ ሁለት ወር ይቀረዋል። መጀመሪያ ጣራውን ቀይር፣ ቀጥሎ አሸንዳውን፣ ከዚያ የውጭውን ግድግዳ። ዝናቡ ሲገባ አንተም ወደ ውስጥ ትገባና ኮርኒሱንና ክፍሎቹን ተረጋግተህ ትሠራለህ። በበጋ ውጭ፣ በክረምት ውስጥ። ይህን ካዛነፍክ ሁሉም ይዛነፋል።»

«እሺ ጋሼ» አልኩት። ከልቤ ነበር።

በቤቱ የሚኖሩት እናትና ልጅ ብቻ ናቸው። እናትየው ሠላሳ ዓመት አውቶቡስ ላይ ትኬት ቆርጠው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው፤ ድምፃቸው ግን ጡረታ አልወጣም። ልጅቷ በጓሮ በኩል ባለው ክፍል ልብስ ትሰፋለች።

ሦስት ቀን ጣራ ላይ ዋልኩ። ከሥሬ የማሽኗ ድምፅ ይሰማኛል። ይጣደፋል፣ ያርፋል፣ እንደገና ይጣደፋል። ሲያርፍ እኔም መዶሻዬን አቆማለሁ። እሷን የማያት ግን ምሳ ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ብቻ ነው። በአራተኛው ቀን ወርጄ እናትየው ፊት ቆምኩ።

«እትዬ፣ ሳስበው ከውስጡ ብንጀምር ይሻላል።»

«ለምን?»

«በዚህ ፀሐይ ልስኑ ቶሎ ይደርቃል። በዝናብ ጊዜ እርጥበቱ ያስቸግራል።»

ውሸት አልነበረም፤ እውነትም አልነበረም። ልስን በበጋ ቶሎ መድረቁ ልክ ነው። ግን ጣራው በሚያፈስ ቤት ውስጥ ኮርኒስ የሚሠራ ባለሙያ የለም።

«ባለሙያው አንተ ነህ፤ እኔ የማውቀው ትኬት መቁረጥ ነው» አሉ። ወደ ልጃቸው ዞሩ። «ምን ትያለሽ አንቺ?»

ማሽኑን አቆመች። ትንሽ አየችኝ።

«እሱ ካለ...» አለችና ስፌቷን ቀጠለች።

በማግስቱ መሰላሌን ከእሷ ክፍል ተከልኩ።

እኔ ሰው ፊት አፌ ይተሳሰራል። ፊቴን ወደ ግድግዳ አዙሬ ስሠራ ግን ምላሴ ይፈታል። ይህን እኔ ራሴ አላውቅም ነበር፤ ያወቀችው እሷ ናት።

«ሁልጊዜ እንዲህ ዝም ትላለህ?»

«ሰው ሳይ ነው።»

«አሁንስ?»

«አሁን የማየው ግድግዳ ነው።»

ሳቀች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እሷ ከማሽኗ፣ እኔ ከግድግዳዬ ሳንነሳ እናወራለን። ስለ ሞተው አባቷ ነገረችኝ። ከማንም ጋር ሳላወራ ስለዋልኩባቸው ቀናት ነገርኳት። አንድ ቀን «ይህን ሁሉ ለግድግዳው ከነገርከው ለእኔ ምን ይተርፈኛል?» አለችኝ። ያንኑ ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግኩት።

«ይህንን ቦታ ስትፈገፍግ ሦስተኛ ጊዜህ ነው» አለች።

«ገና አልለሰለሰም።»

«ከእኔ ጉንጭ ይበልጥ ለስልሷል እኮ።»

«አልለሰለሰም» አልኩ።

ያልኩትን የሰማሁት ካልኩት በኋላ ነው። ማሽኑ ጸጥ አለ። ጆሮዬ እስኪግል ደነገጥኩ፤ እስከ ምሳ ሰዓት አልዞርኩም።

እናትየው በበሩ ብቅ እያሉ «ይህ ግድግዳ እስኪያልቅ እኔ ሁለተኛ ጡረታ እወጣለሁ» ይላሉ። ሁላችንም እንስቃለን።

አንድ ነገር ግን ያሳስበኝ ነበር። በየሳምንቱ፣ ሰኞ ሰኞ፣ ስልኳ ይጮሃል። ቁጥሩን ታይና ቶሎ ተነስታ ወደ ግቢው ትወጣለች። በመስኮቱ አያታለሁ። ጀርባዋን ለቤቱ ሰጥታ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ታወራለች። ስትመለስ ፊቷ ቀላ ይላል፤ ዓይኔንም አታየኝም።

አምስተኛው ሰኞ ላይ ሁሉም ነገር የገባኝ መሰለኝ። ሰው አላት። እኔ ሞኙ፣ ሌላ ሰው የሚጠብቃትን ልጅ ግድግዳ እየፈገፈግኩ እጠብቃለሁ። ብሩሼን ባልዲው ውስጥ ከተትኩና «ነገ ወደ ጣራው እወጣለሁ» አልኳት።

«ነገ? ይህ ጥግ ሳያልቅ?»

«አልቋል።»

በተሰበረ ልብ የሚሠራ ሥራ አደገኛ ነው። ጣራ የሚቀየረው በየተራ ነው፤ ትንሽ ታነሳለህ፣ ያነሳኸውን ትተካለህ። እኔ ግን የእሷን ክፍል ቆርቆሮ በአንድ ጠዋት ሙሉ በሙሉ ገነጠልኩት። ምስማሩን ስነቅል ከልቤ የምነቅል ይመስለኝ ነበር። ዝናቡ ገና ሦስት ሳምንት ይቀረዋል ብዬ ሸራ እንኳ አላዘጋጀሁም። ከሥር፣ ከአዲሱ ኮርኒስ በታች፣ ለአንድ ትምህርት ቤት የሰፋችው ሰማንያ የተማሪ ዩኒፎርም ተተኩሶና ታጥፎ ተደርድሯል። እሷ አዝራር ልትገዛ ወጥታለች።

ከቀትር በኋላ ነፋሱ ድንገት ቀዘቀዘ። ዞር ስል ከኋላዬ ሰማዩ ጠቁሯል። ማመን አቃተኝ። የመጀመሪያው ጠብታ እጄ ላይ ወደቀ፤ ሁለተኛውን አልቆጠርኩም።

ላስቲክ ፍለጋ ስወርድ መሰላሉ አዳልጦኝ ግማሹን ወደቅኩ። ክፍሉ ስገባ ኮርኒሱ እንደ ሆድ ወደ ታች ተነፍቷል። አንድ ክምር ልብስ አቅፌ ወጣሁ። ለሁለተኛው ስመለስ ኮርኒሱ ከነልስኑ፣ ከነዝገቱ፣ ከነጭቃው ልብሱ ላይ ተዘረገፈ።

እናትየው ከደጃፉ ቆመው አፋቸውን በእጃቸው ያዙ። ያ ትልቅ ድምፅ ያን ቀን አልወጣም።

እሷ አዝራሩን እንደያዘች መጣች። አልጮኸችም። አንድ ዩኒፎርም አነሳች፤ ነጩ ኮሌታ ቀይ ዝገት ጠጥቷል። መልሳ አስቀመጠችው።

በማግስቱ ውሃ ልክ ዝናቡን ሰምቶ በጠዋቱ አውቶቡስ ደረሰ። ክፍሉን፣ ከዚያ ሰማዩን አየ።

«ጣራው ሳይያዝ ውስጡን የሠራው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

እናትየው «ልስኑ በፀሐይ ቶሎ ይደርቃል ብሎ እኮ ነው» አሉ። ለእኔ ሲከራከሩልኝ አንገቴን ደፋሁ።

«ይህን ያህል ዘመን ስሠራ ይህን የሚል ባለሙያ አልሰማሁም» አለ። ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞረ። «አንቺ ልጅ...» ብሎ ጀመረ፤ ምን ሊል እንደነበር እንጃ፣ ፊቷን አይቶ ተወው።

«ለምን?» አለችኝ እሷ። «ለምን እንደዚያ አልክ?»

ፊቴን የማዞርበት ግድግዳ አልነበረም። ሁሉም ረጥቦ ፈርሷል።

«አንቺ ያለሽበት ክፍል ውስጥ ለመሥራት ብዬ።»

ውሃው ከጣራው ወራጅ እንጨት ባልዲው ውስጥ ጠብ፣ ጠብ ይላል። በመጨረሻ «ለእኔ ብለህ አይደለም፤ ለራስህ ብለህ ነው» አለች። «አሁን ሂድልኝ።»

እውነቷን ነበር። ያስደነገጠኝም እውነት መሆኑ ነው።

ውሃ ልክ ግቢው ውስጥ ያዘኝ። «ልብሱን የሚጠብቀው ትምህርት ቤቱ ነው። ጥፋቱ ያንተ ከሆነ ሄደህ በአፍህ ንገራቸው።»

«እኔ? ምን ብዬ ጋሼ?»

«ለእነሱ የምትለውን አንተ ታውቃለህ። እኔ ሸራውን እወጥራለሁ።»

ቀትር ላይ ወደ ትምህርት ቤቱ ስሄድ የምናገረውን በመንገድ ላይ ሃያ ጊዜ አጠናሁ። የርዕሰ መምህሯን ቢሮ አንኳኩቼ ስገባ ያጠናሁት ሁሉ ጠፋ። የእንግዳ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው እሷው ነበረች።

ርዕሰ መምህሯ «ማን ልበል?» አሉ።

«ልብሱን ያበላሸሁት ነኝ።»

ሴትየዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይህች ልጅ ደግሞ አሁን እኔ ነኝ ያበላሸሁት ብላኝ ነበር።»

«እሷ ምንም አላደረገችም። ጣራውን የከፈትኩት እኔ ነኝ።»

«የተቀበልኩት ሥራ የእኔ ነው፤ ማስቀመጫውም የእኔ ነው» አለች ሳታየኝ። «አንተ አትግባበት።»

«እንዴት አልገባበትም? ጥፋቱ...»

«ቆይ ቆይ» አሉ ርዕሰ መምህሯ። «ለአንድ ጣራ ሁለት ጥፋተኛ መጥቶልኝ አያውቅም። እዚህ ቢሮ የሚመጣው ሁሉ እኔ አይደለሁም የሚል ነው።» የቀን መቁጠሪያውን ገለጡ። «ልብሱ የሚለበስበት የወላጆች ቀን ሊደርስ ሃያ ቀን አለ። በአሥራ አምስት ቀን አድርሱልኝ። ጥሉን ውጭ ጨርሱት።»

ወጣን። በረጅሙ ኮሪደር ሄድን። ከደረጃው ላይ ቆመች።

«ሰኞ ሰኞ የሚደውልልኝ ማን ይመስልሃል?»

«እጮኛሽ።»

«አለቃህ ነው።»

«ውሃ ልክ?»

«ጣራው እንዴት ሆነ ይለኛል። ሲሄድ ቅደም ተከተሉን ነግሮኝ ነበር፤ ልጁ ካዛነፈ ንገሪኝ ብሎ አደራ ሰጥቶኛል። እኔ በየሳምንቱ እያለቀ ነው እለዋለሁ።»

ደረጃው ላይ ተቀመጥኩ።

«ታውቂ ነበር?»

«ልስን ቶሎ ይደርቃል ስትል ገና ያኔ አውቄአለሁ። አንድ ቃል ብናገር ወደ ጣራህ ትመለስ ነበር።» ዓይኗ እንባ ሞላ። «ጠዋት የተቆጣሁት በራሴ ላይ ነው። ለራስህ ብለህ ነው ያልኩህ... እኔም ለራሴ ብዬ ነው።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን በደስታ እዘልል ነበር። አሁን ግን ሁለታችንም አንድ ሰው አሰብን።

«እናትሽስ?» አልኩ።

«አታውቅም።»

ስንመለስ እናትየው የቆሸሹትን ልብሶች በትልቅ ሳፋ ነክረው፣ እጃቸው እስከ ክርናቸው አረፋ ውስጥ ነበር። ውሃ ልክ ከላይ ሸራ ይወጥራል። ልጅቷ ሁሉንም ነገረቻቸው፤ ስልኩን ጭምር። እጃቸው ሳፋው ውስጥ ቆመ።

«ይህን ስንት ሰው ያውቅ ነበር?»

«ሁለት።»

«በቤቱ የምንውለውስ ስንት ነን?»

«ሦስት።»

«እንግዲህ የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።» ተነስተው እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠረጉ። «አባትሽ ከሞተ ወዲህ ጣራ ይፈርሳል ብዬ ፈርቼ አላውቅም። የምፈራው ይህንን ነው። ሁለት ሰው ተስማምቶ እኔን በር ላይ መተዉን።»

ያ ጠንካራ ፊት ሲሰበር ማየት ከኮርኒሱ መውደቅ ይልቅ አስደነገጠኝ። እኚህን ሴት ካጣሁ ልጃቸውንም ባገኝ አላገኘኋትም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ እትዬ» አልኩ።

«አልሰማሁህም።»

«ይቅርታ አልኩ።»

«መጨረሻ ወንበር ላይ የተቀመጠው ተሳፋሪ ይስማህ። ለእሷ ሹክ የምትላት ካለ፣ ለእኔም በዚያው ድምፅ ይደርሰኛል። ከእንግዲህ በዚህ ቤት ሌላ መንገድ የለም።»

በዕድሜዬ ጮኼ አላውቅም። ትንፋሼን ሳብኩ።

«ዋሽቼዎታለሁ! ልጅዎን ስለምወዳት ነው። ደግሜ አልዋሽዎትም። ላገባት እፈልጋለሁ።»

ከጣራው በኩል መዶሻ ወደቀ። «እዚህም ተሰምቷል» አለ ውሃ ልክ።

እናትየው አልሳቁም። «አንቺስ?» አሉ።

ልጅቷ ቀረብ ብላ እርጥብ እጃቸውን ያዘች። «እኔም እወደዋለሁ እማዬ። መጀመሪያ ላንቺ ነበር መንገር የነበረብኝ።» ከእኔ ይልቅ ጮክ ብላ ነበር፤ የጎረቤት መስኮት ተከፈተ።

እናትየው ከሳፋው አንድ ኮሌታ አንስተው ደረቴ ላይ ጣሉልኝ። «በል እሽው» አሉ። «ምራቴ ይሁን አማቼ የሚታወቀው ሲነጣ ነው።»

«አማች ነው የሚባለው እማዬ፤ ምራት ሴት ናት።»

«እንደሱ ካፈረ ለእኔ ያው ነው» አሉና ያኔ ሳቁ፤ እያለቀሱ።

አርባ ስድስቱ ነጡ፤ የቀሩትን እሷ እንደገና ሰፋች፣ እኔ አዝራር መትከል ተማርኩ። በአሥራ አራተኛው ቀን አደረስን። ጣራውን ከውሃ ልክ ጋር ሆነን በዝናቡ መሃል፣ ፀሐይ ብልጭ ባለች ቁጥር እየወጣን ጨረስነው። ዝናቡ እንዳቆመ ተጋባን።

አሁን ሦስታችንም በዚያው ቤት ነን። እኔና ባለቤቴ ጓዳ ውስጥ ድምፃችንን ዝቅ አድርገን ካወራን እናቷ ከሳሎን ይጣራሉ። «መጨረሻ ወንበር አልተሰማም» ይላሉ። እኛም ጮክ ብለን ከመጀመሪያው እንጀምራለን።